ሳይደክመው ደክሞታል ያልኩት ልጅ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለመጋቢያችን አልነገርኩም፣ ለልጆቼ አልነገርኩም። ባለቤቴም በሕይወት ቢኖር አልነግረውም ነበር፤ ደግ ሰው ነበር፣ ግን ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የሚባል የለም። ስለዚህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ለዛሬ ያንን ቦታ ያዙልኝ። ቀስ ብዬ ነው የማወራው። መሀል ላይ ወደ ጓሮ ብገባባችሁም ተመልሼ እመጣለሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ አዝዬ፣ መሠረተ ትምህርት ሲሰጥ ነው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱሴን አነባለሁ፣ የመድኃኒቴን ብልቃጥም አነባለሁ። እጄ ለመጻፍ ብዙም አይታዘዝልኝም፣ ግን ይህን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግኩም።

ያደረግኩት ይህ ነው። ያልደከመውን ሰው ደክሞታል አልኩ። ሌላ ሰው አይደለም ያለው። እኔ ነኝ።

ሰውየው ምትኩ ነው፣ የታናሽ እህቴ ልጅ። እህቴ ስታርፍ ገና ጥርስ አላወጣም ነበርና ጡቴን ከልጄ ጋር ተካፍሎ ነው ያደገው። እናት ብሎ የሚያውቀው እኔን ነው። ዲላ ውስጥ በሬዲዮ ይሠራል፤ ከማታው ዜና በኋላ እየገባ በሹማምንቱ ላይ ይቀልዳል። ሥራውን ሲጀምር ጸጉሩ ጥቁር ነበር፣ አሁን ጥቁሩን መፈለግ ያስፈልጋል። እዚህ እኔ ያለሁበት ወናጎ፣ ወዲያ ፍስሐ ገነት፣ ወርቃ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያሉት ዘበኞች ሳይቀሩ በዚያ ሰዓት ሬዲዮ ይከፍታሉ። ምትኩ ያልቀለደበት ሹም ገና አልተሾመም ይባል ነበር። ሹሞቹም ይህን ያውቁ ነበር መሰለኝ፤ አንዳንዱ ስሙ ሳይነሳ ሲቀር ይከፋዋል አሉ።

እኛ እህቶች ረቡዕ ረቡዕ በየቤቱ እየዞርን እንጸልያለን። ከመጸለያችን በፊት እያንዳንዷ የጸሎት ርዕስ ትሰጣለች። ልጇ የታመመባት ልጇን ትላለች፣ ባሏ የሚጠጣባት ባሏን ትላለች። ያን ቀን ተራው የእህት ዘነበች ቤት ነበር። ሁሉም ተናግረው እኔ ጋ ሲደርስ የምሰጠው አጣሁ። ጤናዬ ደህና፣ ልጆቼ ደህና፣ ላሟም ወልዳለች። ሁሉም ያየኛል። ባዶ እጄን መሆኔ አሳፈረኝና ለምትኩ ጸልዩለት አልኩ።

ዘነበች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ምን ሆነብሽ?» አለችኝ።

«ደክሞታል» አልኩ። «አፉ ይስቃል እንጂ ውስጡ አልቋል።»

ቃሉን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘነበች እንባዋ እየወረደ፣ ጌታ ሆይ ከዚህ ሸክም አሳርፈው ብላ ጸለየች። እኔም አሜን አልኩ። ከሁሉ ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ለምን እንዲህ አልሽ ብትሉኝ፣ ፈርቼለት ነው እላችኋለሁ። በሹም ላይ የሚቀልድ ልጅ ያላት እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። ይህን ምክንያት ለራሴ ብዙ ዓመት ነግሬዋለሁ፣ እውነትም ነው። ግን ከእውነቱ ትንሹ ነው። ትልቁን ልናገር።

ምትኩ ሬዲዮ ላይ «የወናጎዋ አሮጊት» የሚላት ሴት ነበረችው። በየስብሰባው እጇን አውጥታ ሹሙን ግራ የምታጋባ። ያቺ አሮጊት እኔ ነበርኩ። የሰፈራችን ቧንቧ የተመረቀ ቀን ውሃው ገና አልደረሰም ነበር፤ እንግዶቹ ግን የታሸገ ውሃ እየጠጡ ንግግር ያደርጋሉ። እኔ ተነስቼ፣ «ልጆቼ፣ ይሄ የምትጠጡት ውሃ በየት በኩል መጣ? እኛም እዚያው ሄደን እንቅዳ» አልኩ። ማታውን ምትኩ ድምፄን አስመስሎ በሬዲዮ አለው። በማግስቱ ገበያ ስወጣ ጎመን ሻጮቹ፣ ዋጋ ቀንሱላት፣ አለበለዚያ ማታ በሬዲዮ እንወጣለን ተባባሉ። አቤት ደስታዬ! ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን ሁሉ አከማችለት ጀመር። በደቦ እንሰት ስንፍቅ ሴቶቹ የሚያወሩትን ሁሉ ጆሮዬን ተክዬ እሰማለሁ፤ እሱም እሁድ ሲመጣ እነግረዋለሁ።

አንድ ጊዜ ላይ ግን አሮጊቷ ቀረች። በእሷ ፋንታ ባለ ባጃጅ መጣ፤ ሹሞቹን ያሳፈረ መስሎ ከኋላ የሚያወሩትን የሚያወራ። ወጣቶቹ ወደዱት። እኔ ግን ሬዲዮው ሥር ቁጭ ብዬ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እላለሁ። ጎመን ሻጮቹ ስለ ባጃጁ ያወራሉ። ምትኩን አልጠየቅኩትም። ምን ብዬ ልጠይቀው? አሮጊቷን የት ጣልካት ልበለው? እንግዲህ እዩኝ። የልጅ ልጆች ያየሁ ሴትዮ ከሌለ ባጃጅ ጋር ተጣልቼ ነበር። ደክሞታል ያልኩት በዚያ ሰሞን ነው። ፍርሃት ነበረብኝ፣ አልዋሽም። ቂሙ ግን ይበልጥ ነበር።

የጸሎት ርዕስ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ወሬ ቢሆን ሰው ትንሽ ያፍራል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የጸሎት ርዕስ ከሆነ ግን ማን ያፍራል? የዘነበች እህት ይዛው ፍስሐ ገነት ገባች። ከዚያ ወርቃ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ እኔው ራሴ ወናጎ መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ የማላውቃት ሴት፣ «ያ ሬዲዮ ላይ የሚያስቀን ልጅ ውስጡ አልቋል አሉ፣ ጸልዩለት» አለችኝ። የራሴን ቃል ነው የሰጠችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ፕሮግራሙ ሰው እየደወለ የሚገባበት ነው። ድሮ የሚደውለው የራሱን ቀልድ ይዞ ነበር። አሁን ግን፣ «አይዞህ ወንድማችን፣ እየጸለይንልህ ነው» ይላሉ። ምትኩ ለምኑ ብሎ ሲጠይቅ፣ «ጌታ ያውቃል» ብለው ይዘጋሉ። ፈጠን ብሎ ሲያወራ ተጨንቋል አሉት። ቀስ ሲል ይኸው ዛለ አሉት። ድሮ የሚያስቃቸውን ቀልድ ሲሰሙ፣ ወይ ልጄን ብለው ከንፈር ይመጥጣሉ። የሚያዝንለትን ሰው እንዴት አድርጎ ያስቀዋል?

የጨረሰው ግን ማር ነው። ዓመት በዓመት ሲቀልድበት የኖረው አንድ ሹም፣ ጤናህን ጠብቅ ብሎ ማር ላከለት። ምትኩ ማሩን እንደ ያዘ እኔ ቤት መጣ። ጓሮ እንሰት እየፋቅኩ ነበር። ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እማ፣ ሰውየው አዘነልኝ» አለኝ።

ሰድቦት ቢሆን እንደዚያ አይከፋውም ነበር። የእንሰቱን ቅጠል እየቦጨቀ፣ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ደክሜያለሁ እንዴ? ሰው ሁሉ ይላል። ለእኔ አይታወቀኝም» አለኝ።

ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ውሸቴን ነው ልጄ፣ እኔ ነኝ ያልኩት ማለት ምን ይከብዳል? አፌ ተከፍቶ ነበር። ወዲያው ዘነበች በእንባዋ ትዝ አለችኝ። እህቶቹ ሲሰሙ ምን ይሉኛል? በጸሎት ዋሸች አይሉኝም? ዓይኑን ሳላየው፣ «ደክመሃል ልጄ» አልኩት።

ምትኩ ከሌሎቹ ሁሉ የሰማውን አላመነም ነበር። የእኔን አመነ።

ያን ክረምት ሥራውን ተወ። በእሱ ሰዓት ሬዲዮው ዘፈን ያጫውት ጀመር። እሱ እኔ ዘንድ ተቀመጠ፤ አጥሩን አደሰ፣ ከቡናው በላይ ያለውን የጥላ ዛፍ መለመለ። እና ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ማታ ማታ አብሮኝ ቆጮ በጎመን ይበላል። አሮጊት ምን ትፈልጋለች? ያቺ ሰዓት ስትደርስ ግን የተዘጋውን ሬዲዮ ያያል። እኔም እሱን እንዳላይ ተነስቼ ዕቃ አጥባለሁ። የታጠበውን ዕቃ ደግሜ ያጠብኩበት ቀን አለ።

አንድ ቀን ስለ መንገዳችን ስብሰባ ተጠራን። እግሬ አሞኝ ስለነበር ምትኩ ደግፎኝ ሄደ፤ ከኋላ ተቀመጥን። ሰብሳቢው ብዙ ተናገረና፣ መንገዱ አልቋል ማለት ይቻላል፣ የቀረው መሥራቱ ብቻ ነው አለ። ማንም አልሳቀም። ሌላ ጊዜ እርስ በርስ እንተያይና ማታ ምትኩ ይልልናል እንል ነበር። አሁን ግን ሰዉ መሬት መሬት ያያል። ያን ዝምታ ስሰማ ያደረግኩት ገባኝ። የወሰድኩት የምትኩን ሥራ ብቻ አልነበረም።

ሳላስበው ተነሳሁ። «ልጄ፣ መንገዱ ካለቀ መኪናህን አምጣና በእሱ ወደ ቤታችን አድርሰን» አልኩ።

ሰዉ ፈነዳ። ሰብሳቢውም ሳቁን መያዝ አቃተው። ምትኩ ግን ራሱን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ያለቀሰ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ስንመለስ በተሳፈርንበት ባጃጅ ውስጥ በእኔ ድምፅ ደገመው። ከዚያ ቃሉን ቀየረ። ከዚያ ሰብሳቢው ለሾፌሩ ሲደውል፣ ሾፌሩም በየትኛው መንገድ ልምጣ ሲለው ጨመረበት። የደከመ ሰው የሰማውን ቀልድ አያሻሽልም። አንድም ቀን አልደከመውም ነበር።

ወደ ሥራው ተመለሰ። አሮጊቷንም ይዟት ተመለሰ። አያችሁ? ዋሽቼ ቦታዬን አስመለስኩ። በመጀመሪያው ማታ ደግሞ በሬዲዮ፣ «መድከሜን ከእኔ በፊት ያየችልኝ እናቴ ናት፤ አስገድዳ አሳረፈችኝ» ብሎ አመሰገነኝ። እህቶች ጸሎታችን ተሰማ ብለው እልል አሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንድመሰክር ጠሩኝ። ቆምኩ። ደክሞት ነበር፣ ጌታ አሳረፈው ብዬ መሰከርኩም። እናንተ ፊት የማፍረው በመጀመሪያው ውሸት ብቻ አይደለም፤ ሰው ሁሉ በደስታ ያጨበጨበለት ይሄኛው ይብሳል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ደህና ነን። ላሟ የልጅ ልጅ አላት። ጉልበቴን ነው እንጂ የሚያመኝ፣ እንቅልፍ አይቸግረኝም። ይህን ነገር ይዤ እንዴት እንደምተኛ አትጠይቁኝ፤ እተኛለሁ።

ሰሞኑን ግን ወጣቶቹ ምትኩ አርጅቷል፣ ቀልዱ ይደጋገማል እያሉ በስልካቸው ይጻጻፋሉ አሉ። አንዳንዱ ይበቃዋል ይላል፣ አንዳንዱ እሱ ከሌለ ማን አለን ይላል። ባለፈው ደወለልኝ። «እማ፣ እሁድ እመጣለሁ። ያኔ ያወቅሽልኝ አንቺ ነሽ። ደክመሃል ካልሽኝ ለዘለዓለም አቆማለሁ፤ አልደከመህም ካልሽኝ እቀጥላለሁ» አለኝ።

ደክሞታል? ማታ ማታ እሰማዋለሁ። አንዳንድ ቀን ድምፁ ይከብዳል፣ ቀልዱን ጀምሮ መጨረሻውን ለሰሚው የተወው ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አልጋዬ ላይ ብቻዬን ስስቅ ድመቷ ደንግጣ ትወርዳለች። አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር፣ የማውቅ መሰልኩ እንጂ። እና ልጄ ይህን ሁሉ ዓመት የለፋበትን ነገር በእኔ አፍ ሊመዝን ይመጣል። በዚህ አፍ!

ይህን ጽፌ ልላክለት፣ በሬዲዮ ያንብበው ብዬም አስቤ ነበር። ከዚያ ቆም ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ ተመልሼ ልሰማ ብዬ ይሆን? የወናጎዋ አሮጊት ተናዘዘች እንዲባልልኝ? ራሴን አውቀዋለሁ፣ አላምነውም። ስለዚህ እሁድ ሲመጣ ሬዲዮውን ዘግቼ፣ ያኔ የተቀመጠበት እንሰቱ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ዓይኑን እያየሁ እነግረዋለሁ። ቢቆጣ ቁጣው የሚገባኝ ነው። ይቅር ቢለኝ ደስ ይለኛል። ቢስቅ ግን ይቅርታ ነው ብዬ ቶሎ አልወስድበትም፤ እሱ ከፍቶትም ያስቃል። ረቡዕ ደግሞ ለእህቶች እነግራለሁ። የጸሎት ርዕስ ጠይቀውኝ የማጣበት ቀን አይሆንም።

ፈርቼ ነው አልልም። ጠቀመው፣ አረፈበት አልልም፤ እሱ ይበለው እንጂ እኔ ማለት አይገባኝም። አሁን ደክመህ እንደሆነ ራስህ እወቀው ልጄ፣ ከእኔ አትጠይቅ። እኔ የማውቀው የያኔውን ብቻ ነው። ያኔ አልደከመህም ነበር። ደክሞታል ያልኩት እኔ ነኝ።