ሦስት ወንዶች የመረጡት ምድጃ

ልጅ እያለሁ፣ ዳንግላ በነበረው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ሦስት ወንዶች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እየተሰበሰቡ ስለ ምድጃ ይወያዩ ነበር። አንደኛው አባቴ ነው። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ጋሽ ተሰማ ነው። ሦስተኛው ጋሽ ደምስ ይባላል፤ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ኖሮ በመመለሱ ብቻ በሰፈራችን የዘመናዊ ነገር ሁሉ አዋቂ ተደርጎ የሚቆጠር ሰው ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም እንቁላል እንኳ ቀቅለው አያውቁም። ጋሽ ተሰማ አንድ ቀን ሚስቱ ለቅሶ ሄዳ ሻይ ላፍላ ብሎ ጀበናውን ባዶውን እሳት ላይ ጥዶ እንደሰነጠቀው ሰፈሩ ሁሉ ያወራ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የምትቆምበትን ምድጃ ሊመርጡ የተቀመጡት እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው አባቴ በመሥሪያ ቤቱ ከፍ ያለ ወንበር ያገኘ ሰሞን ነው። ከጎረቤት ስበን የምንጠቀምበት መብራት ቀርቶ የራሳችን ቆጣሪ ገብቶልን ነበር። አባቴ አዲሱን ኮቱን ለብሶ ሳሎኑ መሐል ቆመና "ከእንግዲህ በዚህ ቤት ጭስ አይኖርም" አለ። ንግግሩ ደስ ይላል። ጭሱን የሚያውቀው ግን ከሩቅ ነበር። ማድ ቤታችን በጓሮ በኩል ለብቻው የቆመ ስለሆነ እሱ ወደዚያ የሚያልፍበት ምክንያት አልነበረውም። ክረምት ሲገባ ያገራችን ዝናብ ቀንና ሌሊት አይልም፤ እንጨቱ ይርሳል፣ ከአዲስ ቅዳም የሚመጣው ከሰልም ይጠፋል። እናቴ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል፣ ዓይኗ ቀልቶ እንባዋ እየወረደ፣ እሳቱ ሲያያዝላት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ ቁሌቷን ትቀጥላለች። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ከሽንኩርቱ ሽታ ጋር ተደባልቆ ዩኒፎርሜ ላይ ተጣብቆ ክፍል ድረስ ይከተለኝ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በሽታው ብቻ ቤታችን ምን እንደተሠራ ታውቅ ነበር።

እናቴ የሺ ትባላለች። ከአዘና በኩል ካለ ገጠር የመጣች ናት፤ አባቴን አንቱ ነበር የምትለው። ከነዚያ እሑዶች በአንዱ ምሳ እያቀረበች፣ ቀና ሳትል፣ "ዝቅ ያለ ቢሆን ደግ ነው። ትልቁን ድስት የሚችል፣ ሳማስል የማይነቃነቅ" አለች። ሦስቱም ያልተጠራ እንግዳ እንደተናገረ ያህል አዩዋት። ጋሽ ደምስ ፈገግ አለና "የሺዬ፣ ይሄ ቴክኒካዊ ነገር ነው፤ ለኛ ተይው" አላት። እሷም ተወችው። እነሱም ወደ ቴክኒካዊው ነገር ተመለሱ። ጋሽ ተሰማ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጋዝ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብረት፣ መስታወት እያለ በዓምድ ከፍሎ ይጽፋል። ጋሽ ደምስ በትልልቅ ሰዎች ቤት ብረት የሚባል ስቶቭ ቀርቷል፣ አሁን መስታወት ነው፣ ሲጠፋ እንደ ጠረጴዛ ነው ይላል። አባቴን ያሳሰበው ደግሞ ከሶፋው ቀለም ጋር መሄድ አለመሄዱ ነበር። ማን ምን ያበስልበታል የሚል ዓምድ በደብተሩ ላይ አልነበረም።

በመጨረሻ ከባሕር ዳር በሚኒባስ አናት ተጭኖ መጣ። ላዩ ጥቁር መስታወት የሆነ፣ ባለ አራት ፕሌት የጋዝ ስቶቭ ነው። ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። አባቴ ማድ ቤት ይበላሻል ብሎ ሳሎኑ ጥግ፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ እናቴ በጥልፍ ጨርቅ እንድትሸፍነው አዘዘ። ጋዙ ሲያልቅ ሲሊንደሩ ባሕር ዳር ተመልሶ መሄድ ስላለበት ለእንግዳ ሻይ ካልሆነ በቀር እንዳይነካ ተባለ። ስለዚህ የቤታችን ጭስ እንደነበረ ቀጠለ። እናቴ ጓሮ እፍ ትላለች፣ ስቶቩ ሳሎን ጥልፍ ለብሶ ይቀመጣል።

በአባቴና በጓደኞቹ ብቻ ብስቅ ደስ ባለኝ። ነገር ግን እኔም ከነሱ አልሻልም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሦስት አራት ልጆች አስከትዬ እመጣና ጨርቁን ገልጬ አሳያቸዋለሁ። እጃቸውን ታጥበው ካልሆነ እንዲነኩት አልፈቅድም። አንዲቷ "እናትሽ በዚህ ነው የምትሠራው?" ብላ ስትጠይቀኝ ዓይኔን ሳላሽ አዎ አልኩ። እናቴ ያኔ ከመስኮቱ ማዶ ፍልጥ ተሸክማ እያለፈች ነበር።

በዚያው ዓመት የእናቴ ታናሽ እህት ለመውለድ ከገጠር እኛ ዘንድ መጣች፤ በሰላም ተገላገለች። የገንፎው ዕለት የሰፈሩ ሴቶች ተሰበሰቡ። ቤቱ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ሽታ ሞልቶ፣ እኛ ልጆች ከበሩ ሥር ተደርድረን ድስቱ የሚጠረግበትን ሰዓት እንጠብቃለን። አባቴ ያን ቀን ከቤት አልወጣም። ሴቶቹ መቀመጣቸውን ሲያይ ጥልፉን በገዛ እጁ ገለጠና "ዛሬ ገንፎው እዚሁ ይሠራ" አለ።

እናቴ ቀረብ ብላ በዝግታ "ገንፎ እዚህ ላይ አይሆንም" አለችው። "ጉልበት ይፈልጋል፤ እግሩም ቀጭን ነው። ጓሮ ልሥራውና ላምጣው።"

"ሰው ፊት አታዋርጂኝ" አላት።

እሷም ትልቁን ድስት አምጥታ ጣደችው። ጠረጴዛው ከፍ ያለ ስለሆነ ድስቱ ደረቷ ድረስ መጣ። ገንፎ ያማሰለ ሰው ያውቀዋል፤ ዱቄቱ ሲገባ ማማሰያውን በሁለት እጅ ይዞ፣ ድስቱን በእግር ወይም በጉልበት ደግፎ፣ በሙሉ አካል ነው የሚታሸው። እሷ ግን በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ከላይ ወደ ታች ትገፋለች። ድስቱ አንዴ ተንሸራተተ፤ መለሰችው። ሁለተኛ ተንሸራተተ። በሦስተኛው የስቶቩ አንዱ እግር ተጣመመና ድስቱ በጎኑ መስታወቱ ላይ ወደቀ። መስታወቱ እንደ ጥይት ጮኾ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ፤ የፈላው ገንፎ የእናቴ ግራ እጅ አንጓ ላይ ተለጠፈ። ገንፎ ደግሞ እንደ ውሃ ፈስሶ አይሄድም። እናቴ አልጮኸችም። ሴቶቹ ተነሥተው እጇን ባልዲ ውስጥ ሲነክሩት ብቻ ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ወጣ።

አባቴ በቀጥታ ወደ ስቶቩ ሄደ። ስንጥቁን በጣቱ ተከትሎ አየና "ቀስ ማለት አታውቂም?" አለ። ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ባልዲው አጠገብ ተንበርክከው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ አገውኛ አይሰማም። እኔ ግን ሰምቻለሁ፤ "እጇ እየተቃጠለ ይሄ መስታወት ያያል" ነበር ያሉት። ስለ አባቴ የተባለው ገብቶኛል። ግን እኔም በዚያች ሰዓት ስቶቩ አጠገብ ቆሜ አለቅስ ነበር። የማለቅሰው ለመስታወቱ ነው። ነገ ልጆቹን ምን ላሳያቸው ብዬ።

በቀጣዩ እሑድ ሦስቱ ወንዶች እንደገና ተቀመጡ። ጋሽ ተሰማ ደብተሩን አወጣ። ከብዙ ንግግር በኋላ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአያያዝ ነው፣ መስታወቱ አዲስ አበባ ይታዘዝ፣ እስከዚያው ማንም እንዳይነካው የሚል ስምምነት ላይ ደረሱ። እየተወያዩ የበሉትን ምሳ እናቴ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በአንድ እጇ እንጨት ሰብራ፣ በዚያው እጇ አማስላ ነበር ያቀረበችላቸው። ጋሽ ደምስ ወጡ ጨው አነሰው አለ።

ቁስሉ ደርቆ ጨርቁ የተፈታ ሰሞን፣ አባቴ ሥራ እንደገባ እናቴ ጋሪ አስጠራች። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ቤት ነበርኩ። ስቶቩን ከነሲሊንደሩ አስጫነች። ከዚያ ወደ ጓሮ ተመልሳ ትልቁን ድስትና የገንፎ ማማሰያዋን ይዛ መጣች፤ እኔንም አጠገቧ አስቀመጠችኝ። መጀመሪያ ያቆመችው መናኸሪያው አጠገብ ያለ ምሳ ቤት ነበር። ሳሎኑን አልፋ ቀጥ ብላ ወጥ ቤት ገባችና ላብ ያጠመቃትን ወጥ ሠሪ "እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው በየትኛው ነው?" አለቻት። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ጥግ ላይ ያለ ጥቁር፣ ዝቅ ያለ የብረት ምድጃ አሳየቻት። ባለ ሁለት ፕሌት የኤሌክትሪክ ስቶቭ ነው፤ ምንም አያምርም። እናቴ ስለ እሳቱ ጠየቀቻት፤ ቶሎ አይግልም፣ ከጋለ ግን ሙቀቱን አይለቅም አለቻት። "ሲበላሽስ?" አለች እናቴ። "እዚሁ ይሠራል" አለች ሴትዮዋ።

ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድን። ባለሱቁ ስለ ቀለምና ስለ ፋብሪካ ማስረዳት ጀምሮ ነበር። እናቴ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሲጨርስ ባዶ ድስቷን አንደኛው ስቶቭ ላይ አስቀመጠችና ማማሰያውን በሁለት እጇ ይዛ ገንፎ እንዳለበት ሁሉ በሙሉ ጉልበቷ ማሸት ጀመረች። አንደኛው ተንሸራተተ። ሁለተኛው ተወላገደ። በሱቁ ውስጥ የነበሩ ሰዎች መሳቅ ጀመሩ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። ሦስተኛውን፣ ከባዱን ጥቁር ብረት፣ ወለሉ ላይ አስወረደችና በጉልበቷ ደግፋ አሸችው። አልተነቃነቀም። "ይሄ" አለች።

ባለሱቁ የተሰነጠቀውን ስቶቭና ሲሊንደሩን አገላብጦ አየና በልዋጭ እንደሚወስደው ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ባለቤትዎ ያውቃሉ?" አላት።

"ባለቤቴ ገንፎ አይሠሩም" አለችው።

አባቴ ማታ ሲገባ ሳሎኑ ጥግ ባዶውን ጠረጴዛ አየ። እናቴ ራቱን አቀረበች። ወጡ በዚያ ቀን በአዲሱ ምድጃ የተሠራ ነው፤ ከወትሮው ቀደም ብሎ ደርሷል፣ ዓይኗም አልቀላም። አባቴ ጠረጴዛውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ በላ። እሑድ ጓደኞቹ ሲመጡና ጋሽ ደምስ "ስቶቩስ?" ሲል ግን አባቴ ወንበሩን ደገፍ ብሎ "አሰብኩበት። ለኛ አገር የሚሆነው ብረት ነው፤ ቀየርኩት" አላቸው። ጋሽ ደምስ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር አለ። ጋሽ ተሰማ ደብተሩ ላይ ጻፈው። እናቴ ሳህን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ሰምታለች። አንድ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ሳህኑን አስቀመጠችና ወጣች። ያን ቀን አባቴን ብቻ ሳይሆን እሷንም ናቅኋት፤ ይኼን ዛሬ ስጽፈው አፍራለሁ።

አሁን የምኖረው እንጅባራ ነው። ባለፈው ዓመት ቤት ሠርተን ለወጥ ቤቱ ምድጃ ስንፈልግ ባለቤቴ ሙሉቀን ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ ያሳየኛል፤ በንክኪ የሚሠራ፣ ድስቱን ለይቶ የሚያውቅ፣ በራሱ የሚጠፋ። የሱቁ ልጅም ያንኑ በቃሉ ይደግምልኛል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ስጠይቀው "ያው እስኪመጣ መጠበቅ ነው" አለኝ፤ ፊቴን አጨማድጄ አየሁት። የአባቴን የሦስት ሰዎች ሸንጎ የዛሬ ልጅ በኪሱ ይዞት ይዞራል። የገዛነው ባለ ሁለት ፕሌት የብረት ስቶቭ ነው፤ ክረምት መብራቱ ስለማይታመን አንድ ነጠላ የጋዝ ምድጃ ጨመርንበት። ሙሉቀን ብዙም አልተከራከረኝም። ግማሹን ቀን የሚያበስለው እሱ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱ ገባው።

እናቴ ቤቱን ልታይ መጣች። ዓይኗ ዛሬ በደንብ አያይላትም፤ ሐኪሙ ሲጠይቃት ስንት ዓመት ጭስ ላይ እንደቆየች ልትቆጥር ሞክራ ተወችው። ወጥ ቤት አስገብቼ ወንበር ሰጠኋት፤ ስትቀመጥ ያን ሁሉ ዘመን ያመቅሁትን ጥያቄ ጠየቅኋት። "እማ፣ ያን እሑድ እኔ ነኝ የቀየርኩት ለምን አላልሻቸውም?"

"ብናገር ኖሮ ሌላ ስብሰባ ይቀመጡ ነበር" አለች። "እኔ ደግሞ ድስት ጥጄ ነበር።"

ሙሉቀን ያን ጊዜ ሽንኩርት እያቁላላ ነበር። እናቴ ወንድ ልጅ ድስት ሲያማስል አይታ ስለማታውቅ ማማሰያውን ልትቀበለው ተነሣች። "ይቀመጡ፣ እማማ" አላት፤ ተቀመጠች። ሽንኩርቱ መያዝ ሲጀምር እንደገና ተነሣች፤ አሁንም "ይቀመጡ" አላት። እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ፣ ምን እንደምታደርጋቸው እንዳላወቀች፣ እያገላበጠች አየቻቸው። በርበሬው ሲገባ ሽታው ቤቱን ሞላው። ሦስተኛ ጊዜ ትነሣለች ብዬ እየጠበቅሁ ነበር፤ ወንበሩን ደገፍ ብላ እግሯን ዘረጋች።