ማር መሪዋ

ባለፈው ቅዳሜ ሁሩሙ ገበያ አንዲት ማር ሻጭ በኮባ ቅጠል ከጠቀለለችው የጫካ ማር አቀመሰችኝ። ጣዕሙ ከምላሴ ሳይጠፋ ሐሳቤ ወደ ጣልያን ዘመን፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ወደነበርኩበት ኅዳር ይዞኝ ነጎደ።

ያኔ መቱ ውስጥ የአባቴን ሱቅ እጠብቅ ነበር። እዚያው በለቃቀምኳት ጣልያንኛ ከአንድ ወፍ ሰብሳቢ ጣልያናዊ ዶክተር ጋር ተዋወቅሁ። ወፍ ያስገድላል፤ ቆዳዋን ገፎ ጥጥ ይሞላታል፤ እግሯ ላይ ስም የተጻፈበት ወረቀት አስሮ ወደ ሮም ቤተ መዘክር ይልካታል። መጀመሪያ እብድ መስሎኝ ነበር፤ በሳምንቱ እኔም አብሬው አበድኩ። ዓይኑ ደካማ ስለነበር ተኳሹ እኔ ሆንኩ። ለአገሬው ሰው መሣሪያ በተከለከለበት ጊዜ ጠመንጃ አንግቶ በገበያ መሐል ማለፍ፣ ምን ልበላችሁ፣ ልብ ያሳብጣል።

ዶክተሩ ከሁሉ አብልጦ የሚመኘው ማር መሪዋን ነበር። ይህች ግራጫ ወፍ የንብ ቤት ስታገኝ ሰው ጠርታ ትወስዳለች፤ ሰውም ማሩን ሲቆርጥ ድርሻዋን ይተውላታል።

“ከመታሃት ስምህን ከስሜ ጎን እጽፋለሁ” አለኝ።

ሮም የሚደርስ ስም! በኖፓ መንገድ ወደሚኖሩት ቀፎ ሰቃይ፣ የአባቴ ወዳጅ ወደ ኦቦ ቶላ ሄጄ እንዲመሩን ለመንኳቸው።

“ሌላውን ወፍ ውሰዱ። እሷን ግን አትንኩ” አሉኝ።

“ለማየት ብቻ ነው፣ ኦቦ። በአባቴ ይሁንብኝ።”

በማግስቱ ጉም ሳይነሳ ጫካ ገባን። ቡናው ቀልቷል፤ መሬቱ የረጠበ ቅጠል ይሸታል፤ ከዛፎቹ አናት ጠል ይንጠባጠባል። ኦቦ ቶላ አፏጩ። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ ቶሎ ቶሎ የሚንጫጫ ድምፅ መለሰላቸው። ወፏ ትቀድማለች፣ ቆም ብላ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትጣራለች። ሦስታችንም ያለ ቃል ተከተልናት። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የማን አገር ሰው፣ የማን ጠላት መሆናችንን ሁሉ ረስቼው ነበር።

አንድ ያረጀ ዋንዛ ሥር ቆመች። ኦቦ ቶላ ንቦቹን አጭሰው ማሩን ቆረጡ፤ በላን፤ ጣታችንን ላስን። ከዚያ አንድ የማር እንጀራ ግንድ ላይ አኖሩላትና ራቅ አልን። ወርዳ መብላት ጀመረች። ዶክተሩ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

ተኮስኩ።

ዶክተሩ በደስታ አቀፈኝ። ኦቦ ቶላ ግን አልጮኹም።

“ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ጠርታ ያበላችህን?” አሉ። ሌላ የማር እንጀራ አምጥተው ላባ በተበተነበት ግንድ ላይ አኖሩና ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሱቃችን ሲመጡ ሰላምታቸው ለአባቴ ብቻ ሆነ። አባቴ ምክንያቱን ጠየቀኝ፤ በስሙ ምዬ እንደከዳሁ መናገር አቃተኝ። ወጪት ሰባሪ ማለት እኔ ነኝ።

ኦቦ ቶላ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ነው የሄዱት። እኔ ዛሬም በጫካው ዳር ሳልፍ አንዳንዴ አንዷ ማር መሪ ከቅርንጫፍ ላይ ትጠራኛለች። ትቀድማለች፣ ትጠብቀኛለች፣ ደግማ ትጣራለች። ማን እንደሆንኩ አታውቅም። እኔም እንዳልሰማ ሰው አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።