«ባልሽን ይዘሽ ነይ»

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሊዲያ ከእጮኛዋ ጋር ቤቴ መጣች። ከሠርጉ በፊት እንመርመር ብለው ሜክሲኮ ካለ ክሊኒክ መመለሳቸው ነበር። «አክስቴ፣ ሁለታችንም ነፃ ነን!» ብላ እየሳቀች አቀፈችኝ። እልል አልኩላቸው። ከሄዱ በኋላ ግን እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ታየኝና፣ በደርግ ጊዜ እኔ ብቻዬን ተራ የጠበቅሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔ ልደታ፣ ከአማቴ ከእማማ ዘነበች ጋር ነበር የምኖረው። ባሌ ታደሰ ወታደር ነበር። ከተጋባን ብዙም ሳንቆይ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ በግንቦት ለአጭር ፈቃድ መጥቶ ተመለሰ። አርግዤ ቀረሁ። ሐምሌ ላይ መዳፌና ውስጥ እግሬ ላይ ሽፍታ ወጣብኝ፤ ትኩሳቱም አልለቅ አለኝ። ለአማቴ «የልብስ ሳሙናው ነው» አልኳቸው።

አንድ ጠዋት ጭቃውን እየረገጥኩ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ደም ሰጠሁ። ውጤቱን ልሰማ የተመለስኩ ዕለት ዶፍ ይወርድ ነበር። በሩ ጥግ አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች፤ ሌላ ጊዜ ሳልገዛ አላልፍም፤ ያን ቀን ግን አልፌያት ገባሁ።

ሲስተሯ ጠና ያለች ሴት ነበረች። በሩን ዘጋችው።

«ባልሽ የት ነው?»

«ግንባር።»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። «ደምሽ ውስጥ ቂጥኝ ተገኝቷል።»

«እኔ እኮ ከሱ በቀር ወንድ አላውቅም!»

«እኔ መች ጠየቅሁሽ፣ እህቴ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ፅንሱስ?»

«ደግነቱ በጊዜ መጥተሻል፤ መርፌውን ዛሬ እንጀምራለን። ግን ባልሽን ይዘሽ ነይ። እሱ ካልታከመ ሲመጣ መልሶ ያሲዝሻል።»

«ከየት አምጥቼ?»

የፔኒሲሊኑን ዱቄት በውሃ ትበጠብጥ ጀመር።

እያነከስኩ ወደ ቤት ገባሁ። ለማን ልንገር? ወደ ግንባር የሚላክ ደብዳቤ ተከፍቶ ይነበባል ይባል ነበር፤ ጓዶቹ ፊት ላዋርደው? አማቴስ «ከማን አመጣሽው?» ቢሉኝ ምስክሬ ማን ነው?

ፍልሰታ ገባ። እማማ ዘነበች በየማለዳው እጄን ይዘው ልደታ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱኝ ነበር። አጠገቤ ተንበርክከው «ልጄን በሰላም መልሽልኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ይምጣ እንዳልል በሽታውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ አይምጣ እንዳልል ባሌ ነው፣ እወደዋለሁ። «አንቺም ለምኚ እንጂ፣ ልጄ» ይሉኛል። ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር።

መርፌዬን ጨረስኩ። ልጄ በየካቲት ጤነኛ ሆኖ ተወለደ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ደግሞ የታደሰ መርዶ መጣ። ሴቶቹ ደግነቱን እያነሱ ሲያለቅሱ፣ ለወራት በልቤ ስለማመደው የከረምኩት ጥያቄ ሳልጠይቀው ቀረ። መታመሙን ያውቅ ይሆን? አፍሮ ይሆን? ወይስ ጭራሽ ሳይሰማው ነው የሞተው? የሚነግረኝ አልነበረም። እማማ ዘነበችም ምንም ሳያውቁ አረፉ።

ሰው ሲሞት ቂሙም አብሮት ይቀበራል ይላሉ። የኔ አልተቀበረም። ዛሬም አንዳንድ ቀን ልቆጣው እነሳለሁ። ግን እኔ አርጅቻለሁ፤ እሱ እዚያው ሃያ ሦስት ዓመቱ ላይ ቆሟል። የገዛ ልጁ ዛሬ በዕድሜ ይበልጠዋል። አፌን ስከፍት የሚታየኝ ልጅ ነው፤ ልጅን ደግሞ ምን ይሉታል?