በምርቃት የጠፋ ስም

ዛሬ የሞተ ልጅ ስም በገዛ እጄ አጠፋሁ።

ኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ የምሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ አሮጌ የጌም ማጫወቻ ይዛ መጣች። ማጫወቻው፣ አል ማቃም በሚባል ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የምታገለግላት የማዳም ልጅ ንብረት ነበር።

ልጁ ከሞተ ወዲህ ማዳም ዓርብ ዓርብ ትከፍተዋለች። አትጫወትም። ስሙንና የደረሰበትን ደረጃ አይታ ትዘጋዋለች።

"ወንድሜ፣ የተበላሸው ገመዱ ብቻ ነው፤ ሌላውን እንዳትነካብኝ" አለችኝ።

ማጫወቻው ገበያ ላይ ወድቆ የቀረ ዓይነት ነው። ሁለት ሞዴል ወጣለትና ፋብሪካው ተወው። ከሁለቱ አንዱን ፈትቼ ስለማውቅ ራሴን እንደ ሊቅ ቆጥሬዋለሁ።

ገመዱን ቀየርኩ። ያገሬ ልጅ ናት ብዬ ደግሞ ምርቃት ጨመርኩላት፤ ውስጡ ያለችውን ያረጀች ባትሪ አውጥቼ አዲስ አስገባሁ።

እኔ በማውቀው በሁለተኛው ሞዴል ባትሪዋ ለሰዓቱ ብቻ ናት። ይሄ ግን የመጀመሪያው ነበር። በእሱ ባትሪዋ ከወጣች የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል።

ስከፍተው አዲስ ተጫዋች ነህ፣ ስምህን ጻፍ አለኝ።

ዘይነባ አልጮኸችም። "ኸላስ? ጠፋ በቃ?" ብቻ አለች።

"ስሙን መልሼ ልጻፈው" አልኳት።

"ያኛውን እኮ የጻፈው እሱ ነበር።"

ጥፋቱ በእሷ እንዳይሳበብ እኔው ልናገር ብዬ አሁን አብሬያት ታክሲ ውስጥ ነኝ።

ማንም ሳይጠይቃችሁ ደግ ልሥራ ብላችሁ የማይመለስ ነገር ያጠፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ምን አላችሁ?

አል ማቃም ልንደርስ ነው።