ያልተተከለው ወፍጮ

ልጅ እያለሁ የእናቴ ወፍጮ መሬት ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ድንጋይ ነበር። በወሎ ወፍጮ በጭቃ መደብ ላይ ተተክሎ ነው የሚፈጨው፤ የኔ እናት ግን ወገቧ እስኪቆረጥ ተንበርክካ ትፈጫለች። አባቴ መትከሉን ከልክሏል። "ወፍጮ የተከለ እግሩን ተከለ፤ እኛ እኮ ተመላሾች ነን" ይላል። ወይ አባቴ!

በድርቁ ጊዜ በመኪና ጭነው አሶሳ አካባቢ፣ አንድ የወንዝ መሻገሪያ ዳር ነበር ያሰፈሩን። ከአገር ይዘን የመጣነው መጁን ብቻ ነው፤ የታችኛው ድንጋይ የዚያው ወንዝ ነው። የአገራችን መንገድ ደግሞ ከማዶ። በበጋ እንዳንጠፋ ሚሊሺያ መሻገሪያውን ይጠብቃል፤ በክረምት ሚሊሺያው ይሄድና ወንዙ ራሱ ይጠብቀናል።

ሰው በግንድ ጀልባ የሚያሻግሩት ሼህ ሀሚድ የሚባሉ የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ውሃው ጎደል እንዳለ፣ ሚሊሺያው ሳይመለስ ሊያሻግሩን ለአባቴ ቃል ገብተዋል። ክረምቱን ሙሉ እየተመላለሰ ነዘነዛቸው።

"ወንድም፣ ውሃ ሞልቷል፤ ሰው ይበላል። መስከረም፣ ኢንሻአላህ" ይሉታል።

እሱም ቤት ገብቶ እናቴን "አብሽሪ፣ መስከረም እኮ ደረሰ" ይላታል። እሷም "ቀን እስኪያልፍ ያለፋል" ብላ ወገቧን ይዛ ትነሳለች። እኔማ ከማዶ የሚመጣው የሣር ሽታ ሁሉ የአገሬ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ጠባ። ሼህ ሀሚድ ማለዳ ደጃችን መጥተው "ውሃ ጎድሏል፣ ተነሱ" አሉ። አባቴ ግን ወባ ጥሎት ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። "ነገ" አላቸው። በማግስቱም "ነገ" አለ። ሚሊሺያው ሲመለስ እኛ ለቅሶ ላይ ነበርን።

መሻገሪያው ዳር ቀበርነው። ከቀብር መልስ እናቴ ጭቃ አቦካች። ሼህ ሀሚድ ውሃ ያቀብሏታል። ወፍጮውን ተከለችው። እኔ አምርሬ ያለቀስኩት ያኔ ነው፤ ቁርጤን አወቅኩ።

ዛሬ ከላይ በኩል ድልድይ አለ። የሚከለክል የለም፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወሎ መግባት ነው። ሰዉ ተበትኖ ሰፈሩን ጫካ ውጦታል፣ እናቴም ከአባቴ ጎን ተኝታለች። አምና ሄጄ ሣሩን ብገልጥ ወፍጮው እንደተተከለ፣ መጁም ከላዩ አለ። መጁን እንኳ ላገር ላብቃው ብዬ አነሳሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ወስጄስ ለማን ልሰጠው?