በትራምፔት ፋንታ ቤዝ

በከተማው ስቱዲዮዎች ሁሉ «እሱን ጥሩልን» የሚባል ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ዘፋኙ ማንም ይሁን ማን፣ ዘፈኑን አንዴ ሰምቶ፣ አንዴ ተጫውቶ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ይወጣል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ። ታዲያ ሰው ሲያደንቀው ፊቱ ጭፍግግ ይላል። ቤዙን ወዶ አልያዘውማ!

የመጣው በትራምፔት ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ አንድ ስመ ጥር ባንድ ሲቀጥረው በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ነበር። የባንዱን መሪ፣ ተጫዋቾቹ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ ግን «ጋሽ ድገሙ»። አንዲትን የዘፈን መግቢያ አርባ ጊዜ ያስደግማሉ። ፒያኒስቱ ለሠርጉ ፈቃድ ቢጠይቃቸው «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታገባው?» ያሉ ሰው ናቸው።

በስምንተኛው ወር ቤዝ ተጫዋቹ «በቃኝ!» ብሎ ጊታሩን ወንበር ላይ ጥሎ ወጣ። ጋሼ ዙሪያውን ቃኙና ከሦስቱ ትራምፔተኞች ጣታቸውን እሱ ላይ ቀሰሩ።

«አንተ። እሷን አስቀምጥና ይሄን አንሳ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ቤዝ ነክቼ አላውቅም።»

«እስከ ሐሙስ ትነካዋለህ።»

«ትራምፔቴስ?»

«ትራምፔትህ ይቆይ።»

በቃ፣ ይቺው ናት። ለምን እሱን እንደመረጡ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። «አጨዋወቴ ባይረባ ነው» ብሎ ለራሱ ደመደመ።

ጣቶቹ ውሃ ቋጠሩ፣ ፈነዱ፣ ደደሩ። ጋሼ የኖታ ማስቀመጫውን በእርሳስ እየመቱ «ራስህን አይደለም፣ ከበሮውን ስማ!» ሲሉት ስድስት ዓመት ሞላ። በእልህ ተማረው። ባንዱ በተበተነ በሳምንቱ ሦስት ስቱዲዮ ፈለገው፤ በጋሽ ድገሙ እጅ ማለፉ ብቻ በቂ ነበር። ትራምፔቷ ግን ቁም ሣጥን ላይ ወጣች። አልፎ አልፎ አውርዶ ሲሞክራት ከንፈሩ እምቢ ይለዋል።

«ኧረ ምን አድርጋህ ነው እንዲህ የምታስለቅሳት?» ትለዋለች ባለቤቱ ከጓዳ።

የግዱን ይስቅና መልሶ ይሰቅላታል።

አምና ጋሼ ታመሙ ሲባል ሊጠይቃቸው ሄደ። ሶፋቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«ይሄ ቤዝ ያንተ ነው» አሉት፣ ገና ሳይቀመጥ። «መሀል ላይ ቸኩለሃል።»

እንደምንም ዋጠውና ለዓመታት የከነከነውን ጠየቃቸው። «ጋሼ፣ ትራምፔቴ ያን ያህል መጥፎ ነበር?»

«ማነው መጥፎ ያለህ? ከሦስቱ አንተ ትሻል ነበር።»

«ታዲያ ለምን እኔን?»

«ሌሎቹ ጥለውኝ ይሄዱ ነበራ! አንተ እንደማትሄድ አውቃለሁ።» ከዚያ ግራ እንደገባው ሰው አዩት። «ደግሞ ይቆይ አልኩህ እንጂ፣ ጣላት መቼ አልኩህ?»

ምን ብሎ እንደተሰናበታቸው አያስታውስም። ቤቱ ገብቶ ሳሎኑን ወዲያ ወዲህ እያለ ለባለቤቱ ነገራት። እስኪጨርስ አዳመጠችውና «ያኔውኑ ብትጠይቃቸውስ?» አለችው።

«አንቺ አታውቂያቸውም!» ብሎ ጮኸባት።

«ስድስት ዓመት ሙሉ? አንድ ቀን እንኳ?»

እሳቸው ላይ ያጠራቀመው ንዴት ሁሉ ዞሮ ራሱ ላይ ወደቀ። እሷ ግን አልለቀቀችውም፤ «በል ለጩኸትህ ይቅርታ ጠይቀኝ» አለችው። ጠየቃት።

ማክሰኞ ጠዋት የስቱዲዮ ሥራ ነበረው። የራሱን ድርሻ እንደ ልማዱ ባንዴ ጨረሰ። ትራምፔት ተጫዋቹ ግን አንዲት ከፍ ያለች ድምፅ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቅበታል። እንዴት እንደምትወጣ እሱ ያውቃታል፤ በሃያ ሁለት ዓመቱ እንደ ዋዛ ያወጣት ነበር። «እስቲ አንዴ ወዲህ በላት» ሊል አፉን ከፈተ፤ የገዛ ከንፈሩ ትዝ ሲለው መልሶ ገጠመው። ቤዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሰውየው እስኪያወጣት ጠበቀ።