መታወቂያ የሌለው ሯጭ

አባ ቁም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ የቀለም መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው፣ አንድ ቀን «ከነገ ጀምሮ ማረፍ ይችላሉ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። እሳቸው ግን ደከመኝ ብለው ለማንም አልተናገሩም ነበር። ስሙን ያወጡላቸው የመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች ናቸው፤ ሰው ገና ከሩቅ ብቅ ሲል «ቁም!» ስለሚሉ። ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር መታወቂያውን ረስቶ ቢመጣ ዝናብ ላይ አቁመውት ነበር ይባላል። የሚሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ይህንን ሲያወራ የሰማ የለም።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጥበቃቸው ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መኝታ ቤት ሆነ። የሚጠበቀው ነገር ደግሞ አንድ ሶፋና አንድ ቴሌቪዥን ነው፤ ሁለቱም ለመሸሽ አስበው አያውቁም። ልጃቸው የከባድ መኪና ሹፌር በመሆኑ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ምራታቸው ማተሚያ ቤት ውስጥ የደብተር ጥረዛ ሥራ አግኝታ ሰኞ ልትጀምር ስትል ጥያቄ ተነሣ፤ የስድስት ዓመቷን ልጅ ከሰዓት በኋላ ማን ይያዛት?

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» አሉ አባ ቁም፣ እንደ ቀላል ነገር። ቀላል ግን አልነበረም። ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ የተገኘ የመጀመሪያው ክፍት የሥራ ቦታ ነው።

ልጅቷ ቀጣሪ ሆና ቁጭ አለች። «አባባ ይደብራል። ምድር ቤት ካለችው እትዬ ጋር ነው የምውለው።»

«ምን አድርጌ ነው የምደብርሽ?»

«ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ‹አትሩጪ› ትላለህ። ጌም አትችልም።» ትንሽ አሰበችና መስፈርቷን አወጣች። «አንደኛውን ደረጃ ካለፍክ ካንተ ጋር እውላለሁ።»

እሑድ ጠዋት ምራትየው አቧራ የጠጣውን የድሮ ጌም ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። አባ ቁም ለፈተናው ጢማቸውን ተላጭተው፣ የሥራ ኮታቸውን ቆልፈው ቀረቡ። ማጫወቻውን እንደ ጫጩት በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙት።

ስክሪኑ ላይ ቢጫ ቦት ጫማ ያደረገ አጭር ሰውዬ ቆሟል። ወደ ቀኝ ሲራመድ አገሩ ከኋላው እየተጠቀለለ ይጠፋል፤ መመለስ ብሎ ነገር የለም።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» ጠየቁ።

«ወደ ቀኝ።»

«ማን ልኮት?»

«አባባ! ዝም ብሎ ነው የሚሄደው!»

«ዝም ብሎ የሚሄድ ሰውማ አውቃለሁ፤ ሳቆመው አይደል የኖርኩት!»

በዚህ መሐል ድንች የመሰለ ድቡልቡል ፍጥረት በሁለት አጫጭር እግሮቹ እየተንገዳገደ መጣ። ከጉቶው እስከ ድንጋዩ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ከድንጋዩ እስከ ጉቶው ይመለሳል። የአባ ቁም ፊት በራ።

«ይሄ ማነው?»

«ጠላት ነው! ዝለልና ጭንቅላቱን ርገጠው!»

«የምን ጠላት? ጥበቃ እኮ ነው! አካሄዱን አታዪም? ተረኛ ነው፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ጥፋተኛው ይሄ ቦት ጫማ! መታወቂያ ሳያሳይ ዘው ብሎ የገባው!»

ክርክሩ ሳያልቅ የተመሰገነው ጥበቃ ደርሶ ሰውዬውን ነካው፤ ሰውዬው ሞተ። አባ ቁም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ!» አሉ። ማንን እንዳመሰገኑ መናገር አያስፈልግም።

«አንድ ነፍስ ሄደ» አለች ልጅቷ። «ሁለት ቀረህ።»

«ኧረ አባባ፣ የምርዎን ይጫወቱ!» ጮኸች ምራትየው ከኩሽና። «ነገ እኮ ሰኞ ነው!»

ሁለተኛው ነፍስ ጉድጓድ ገባ። ጥፋቱ በፍጹም የእሳቸው አይደለም፤ ጉድጓዱ አጥር የለው፣ ምልክት የለው። ይህንንም በዝርዝር አስረዱ፤ ኃላፊው ማን እንደሆነም ጠየቁ። በመጨረሻው ነፍስ ላይ ልጅቷ «አባባ፣ በናትህ ተጠንቀቅ» ስትል ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። ለካ እሷም እንዲያልፉ ትፈልግ ኖሯል።

አባ ቁም ይህን ሰሙና ኮታቸውን አወለቁ።

«ሌባ የሚገባው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ በሹክሹክታ። «ጥበቃው ሲዞር።» ሠላሳ አንድ ዓመት ሌባ ምን እንደሚያስብ ሲያስቡ ኖረዋል፤ ሞክረውት ግን አያውቁም። ድንቹ ጀርባውን እስኪሰጥ ጠበቁና ራሳቸውም ጭምር ከሶፋው ተነሥተው ዘለሉ። አለፉት። «ይቅርታ፣ ወንድሜ» አሉት። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም በይቅርታ አለፉ። አራተኛው ዞሮ ለመመለስ ሲዘገይ «ይሄስ እንቅልፋም ነው፣ መባረር አለበት» ብለው ይቅርታውን ነፈጉት። ጉድጓዱ ላይ ሲደርሱ ምራትየው ጭልፋ እንደያዘች በር ላይ ቆማ ትንፋሿን ውጣለች።

ጉድጓዱም ታለፈ። የመጨረሻው በር ፊት ለፊት ታየ፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባ ቁም ቆሙ።

«ግባ! ሰዓቱ እያለቀ ነው!»

«በሩ ላይ ሰው የለም» አሉ፣ በጣም ተጨንቀው። «ዝም ተብሎ ይገባል እንዴ?»

«እኔ ፈቅጃለሁ! አባባ፣ ግባ!»

ገቡ። ቴሌቪዥኑ በሙዚቃ ቀወጠው። ልጅቷ ጮቤ ረግጣ ስታበቃ ነጥባቸውን አየችና ቀዘቀዘች። «ዜሮ! አንድም ሳትረግጥ? እንዲህ አድርጎ የሚያልፍ ሰው የለም እኮ!»

«ታዲያ ነገ ከማን ጋር ነሽ?» አለች እናቷ።

ልጅቷ ዜሮውን እንደገና አየችው፤ ከዚያ አያቷን። «ከአባባ ጋር» አለች። «ሁለተኛው ደረጃ ላይ ጥበቃው ብዙ ነው። ብቻውን አይችለውም።»

አባ ቁም ኮታቸውን መልሰው ለበሱና እስከ ላይ ቆለፉት።

«ስንት ሰዓት ነው የምገባው?»

«ስድስት ተኩል» አለች ልጅቷ። «እንዳታረፍድ።»